ዱዌን ኤዲ፣ ሮካቢሊ፣ ብሉዝ እና ገና ያልተወለደው ሰርፍ ሮክ

ጥያቄ፦ «የአሜሪካዊውን ጊታሪስት የዱዌን ኤዲን የመጀመሪያ አልበም ከታላቅ ወንድሜ የሸክላ ክምችት ውስጥ አግኝቼ ደጋግሜ እያዳመጥኩት ነው። ስለ አልበሙ የሚናገሩ ሰዎች ‹ሮካቢሊን ከብሉዝና ከሰርፍ ሮክ ጋር ያዋሐደ› ይሉታል። ሰርፍ ሮክ የጀመረው በ1961 ገደማ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በአልበሙ ውስጥ ያሉት ሙዚቃዎች ግን በ1958 የታወቁ ናቸው። ታዲያ አባባሉ ትክክል ነው? ሦስቱን ስልቶች በጆሮዬ እንዴት ልለያቸው እችላለሁ? ጊታር ስለምጫወት ድምፁን ዛሬ ባለን መሣሪያ ማምጣት የሚቻልበትን መንገድም ቢያብራሩልኝ ደስ ይለኛል።»

ምላሽ፦ ጠያቂያችን፣ በዓመታቱ ላይ ያነሡት ጥርጣሬ ትክክለኛ ነው፤ መልሱም ከዚያው ይጀምራል። «ሃቭ ትዋንጊ ጊታር ዊል ትራቭል» በተባለው በዚህ አልበም ውስጥ በእርግጥ የተዋሐዱት ሮካቢሊና ብሉዝ ናቸው። ሰርፍ ሮክ፣ ማለትም በካሊፎርኒያ የሞገድ ተንሸራታች ወጣቶች ዘንድ የተወለደው የጊታር ሙዚቃ፣ የአልበሙ ሙዚቃዎች በተቀረጹበት ጊዜ ስሙም ስልቱም ስላልነበረ ከግብዓቶቹ አንዱ ሊሆን አይችልም። ይሁን እንጂ ዛሬ ሸክላውን የሚያዳምጥ ሰው በውስጡ ሰርፍ ሮክ የሚሰማው ጆሮው ስላታለለው አይደለም፤ የካሊፎርኒያ ወጣቶች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሳቸውን ስልት ሲያበጁ ከኤዲ የጊታር አጨዋወት ብዙ ነገር ስለወሰዱ ነው። ስለዚህ «አዋሐደ» የሚለው አባባል ለብሉዙ ይሠራል፤ ለሰርፉ ግን የዝምድናውን አቅጣጫ ይገለብጠዋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከሮካቢሊው ልጀምር። ኤዲ በ1938 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ኮርኒንግ በምትባል ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ቤተሰቡ ወደ አሪዞና ስለተዛወረ በሙዚቃ ሥራ የበሰለው በዚያ በረሃማ ግዛት ነው፤ ሊ ሄዝልውድ ከተባለው የሬድዮ አስተዋዋቂ ጋር የተገናኘውም እዚያው ነው። ሄዝልውድ በኋላ ፕሮዲዩሰሩና የብዙዎቹ ሙዚቃዎቹ ተባባሪ ደራሲ ሆነ። በ1957 አብረው ባወጡት ሸክላ ላይ የቡድኑ ስም «ዱዌን ኤዲና ሮካቢሊዎቹ» ተብሎ ታትሟል። ይህ ማለት ሮካቢሊ የሚለው ስያሜ ተቺዎች በኋላ የለጠፉበት ሳይሆን ሙዚቀኞቹ ራሳቸው የመረጡት ነው ማለት ነው። በዚያ ሸክላ ላይ የነበረው «ራምሮድ» በ1958 እንደገና ወጥቶ በአልበሙ ውስጥ ተካቷል፤ ሮካቢሊውን ጥርት ባለ መልኩ መስማት ከፈለጉ ከእርሱ ቢጀምሩ ጥሩ ነው።

ሮካቢሊ በ1954 በሜምፊስ ከተማ፣ በሰን ሬኮርድስ ስቱዲዮ ጎልቶ የወጣ፣ የደቡቡን የነጮች ካንትሪ ከጥቁሮቹ ሪትም ኤንድ ብሉዝ ጋር ያጋባ ስልት ነው። ከኋላው የሚሰማው ሩጫ የሚመጣው ክሩ ተስቦ ሲለቀቅ ከአንገቱ ጣውላ ጋር ከሚጋጨው ትልቁ የእንጨት ቤዝ ነው። ጊታሩ የካንትሪ ተጫዋቾች እንደሚያደርጉት በአውራ ጣትና በቀሩት ጣቶች ተከፋፍሎ ይመታል። በድምፁ ሁሉ ላይ ደግሞ «ስላፕባክ» የሚባለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመለስ አጭር የቴፕ ኢኮ (የድምፅ ማስተጋባት) ይኖራል። ይህ ሁሉ ግን በዘፋኙ ዙሪያ የተሰለፈ አጀብ ነበር። ኤዲና ሄዝልውድ ያደረጉት ትልቅ ነገር ዘፋኙን ከመካከል አስወጥተው ቦታውን ለጊታሩ መስጠታቸው ነው። ጊታር የዘፋኝን ቦታ ሲይዝ ጣትን ማሯሯጥ ብቻውን ስለማይበቃው በቃል ሊያዝ የሚችል፣ አጭርና ግልጽ ዜማ መሸከም ይኖርበታል። ኤዲ ይህን ዜማ ያኖረው አብዛኛው የጊታር ተጫዋች ለማጀቢያ ብቻ በሚጠቀምባቸው በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ነው፤ ከሌሎቹ የዘመኑ ጊታሪስቶች የለየው ይህ ምርጫው ነው። ቀጭኖቹ ክሮች በዚያን ዘመን የስቱዲዮ መሣሪያ ሲቀረጹ ሳስተው እንደሚሰሙ፣ ወፍራሞቹ ግን ሙሉና ጉልበት ያለው ድምፅ እንደሚሰጡ ማስተዋሉን እርሱ ራሱ በተለያዩ ጊዜያት ተናግሯል።

ወደ ብሉዙ ስንመጣ፣ በአሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ የነበሩት ሙዚቀኞች ብሉዝን የሚያውቁት በሩቅ ዝና አልነበረም። ሄዝልውድ ከኤዲ ቀደም ብሎ በ1956 ለሳንፎርድ ክላርክ ባዘጋጀው «ዘ ፉል» በተባለው ዘፈን ላይ ጊታሪስቱ አል ኬሲ የተጫወተው ተደጋጋሚ ሐረግ የተወሰደው የቺካጎው ብሉዝ ዘፋኝ ሃውሊን ዉልፍ በዚያው ዓመት ካወጣው «ስሞክስታክ ላይትኒንግ» ነው። የቺካጎ ብሉዝ በጥቂት ወራት ውስጥ የአሪዞና ሮካቢሊ የጀርባ አጥንት ሆነ ማለት ነው። አል ኬሲ በኤዲም ሸክላዎች ላይ ከዋነኞቹ ሙዚቀኞች አንዱ ስለነበር ይህ ልምድ በቀጥታ ወደ አልበሙ ገብቷል።

በአልበሙ ውስጥ ብሉዝን የሚያገኙት በሦስት ደረጃ ነው። ፊት ለፊት የሚገኘው «ስሪ ተርቲ ብሉዝ» በተባለው ዘገምተኛ ሙዚቃ ነው። በመነሻው ኮርድ አራት ባር (ባር ማለት እኩል የምት ክፍል ነው)፣ በአራተኛው ደረጃ ኮርድ ሁለት ባር፣ ወደ መነሻው ተመልሶ ሁለት ባር፣ ከዚያም በአምስተኛው ደረጃ ጀምሮ ወደ ቤቱ የሚመለስ የአራት ባር መዝጊያ፤ ይህ ባለ 12 ባር መንገድ የብሉዝ መሠረታዊ ቅርጽ ነው። ይህን መንገድ በአንድ እጅዎ እየቆጠሩ ቢያዳምጡ ጊታሩ ሐረጉን ተናግሮ ዝም የሚልበትን፣ ባንዱም የሚመልስለትን ቦታ በግልጽ ያገኙታል። የሚያጠነጥነው ማይነር ፔንታቶኒክ በሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ላይ ስለሆነና ያ ስኬል በድምፆቹ ርቀት በእኛ አገር ባቲ ማይነር ከሚባለው ቅኝት ጋር ስለሚገጥም፣ ለእርስዎ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ልዩነቱ ያለው ተጫዋቹ ክሩን እየገፋ በሦስተኛውና በሰባተኛው ድምፅ ላይ በማይነርና በሜጀር መካከል በሚያንዣብብበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ከሪትም ኤንድ ብሉዝ ዘፋኞች የተወሰዱ ዜማዎች ናቸው፤ የአይቮሪ ጆ ሃንተር የ1950 ሥራ የሆነው «አይ ኦልሞስት ሎስት ማይ ማይንድ» እዚህ በጊታር ብቻ ይነገራል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ሳክስፎኑ ነው። በኤዲ ሸክላዎች ላይ ያለው ቴነር ሳክስፎን ከጥቁሮቹ የዳንስ ባንዶች የመጣ፣ የሚያጉረመርምና የሚጮህ ሳክስፎን ነው። ጊታሩ ረጋ ብሎ ዝቅ ባለው ድምፅ ይናገራል፣ ሳክስፎኑ ግን ስሜቱን አይቆጥብም። እኔ ብሉዝ በዚህ አልበም ውስጥ ከሁሉ በላይ ሕያው የሆነው በዚህ ምልልስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የኮርዶቹ ቅደም ተከተል ብሉዝ ባልሆነባቸው ሙዚቃዎች ላይ እንኳ የሁለቱ መነጋገር ብሉዝ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በ1958 በአሜሪካ ስድስተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው «ሬብል ራውዘር» ነው። መጀመሪያ ጊታሩ ብቻውን ይገባል፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ምክንያቱም ትሬሞሎ የሚባለው መሣሪያ የድምፁን መጠን በእኩል ፍጥነት ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ዜማው በጣም ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ የሰማው ሰው ያንጎራጉረዋል። ከዚያ ባንዱ ይገባል፣ ጭብጨባና ጩኸት ይከተላል፣ ሳክስፎኑም በጊታሩ ሐረጎች መካከል ያለውን ክፍተት እየተሻማ ይመልሳል። ዜማው አይለወጥም፤ የሚለወጠው የመነሻው ድምፅ ነው፤ በግማሽ ድምፅ እየተሻገረ ወደ ላይ ይወጣል፣ አድማጩም ምንም አዲስ ዜማ ሳይጨመር ሙዚቃው እየጋለ እንደሄደ ይሰማዋል። ጊታሩና አጀቡ የተቀረጹት በፊኒክስ ነው፤ የጊል በርናል ሳክስፎንና ሻርፕስ የተባለው የዘፋኞች ቡድን ጭብጨባና ጩኸት ግን በሆሊውድ፣ ጎልድ ስታር ስቱዲዮ በላዩ ላይ ተጨምሯል። በበረሃው ከተማ የተቀረጸው ጊታር ሰፊና ባዶ ቦታ ውስጥ እንዳለ ሲሰማ፣ የሆሊውዱ ጩኸት ደግሞ አጠገብዎ እንዳለ ሰው የሚቀርብዎት በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አሁን «ሰርፍ» ወደሚያሰኘው ነገር ደርሰናል፤ እርሱም የቦታ ስሜት ነው። የፊኒክሱ ስቱዲዮ የኢኮ ክፍል አልነበረውም። ሄዝልውድ ታንከሮችን እየዞረ ውስጣቸው እየጮኸ ድምፃቸውን ከፈተሸ በኋላ 2,000 ጋሎን፣ ማለትም 7,500 ሊትር ገደማ የሚይዝ የውኃ ታንከር እንደገዛ ሙዚቀኞቹ ተርከዋል። ታንከሩ ከስቱዲዮው ውጭ ተቀመጠ፤ በአንደኛው ጫፉ ስፒከር፣ በሌላኛው ማይክሮፎን ገባለት። ጊታሩ በስቱዲዮው ውስጥ ሲመታ ድምፁ በሽቦ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል፣ በብረቱ ግድግዳ መካከል ይመላለሳል፣ ማይክሮፎኑ የያዘው ደግሞ ተመልሶ ከዋናው ድምፅ ጋር ይቀላቀላል። ወፎች ታንከሩ ላይ ሲያርፉ ድምፃቸው አብሮ እንዳይቀረጽ ማባረር ያስፈልግ እንደነበርም ይነገራል። ይህ ኢኮ ከሜምፊሱ ስላፕባክ ይለያል፤ ስላፕባኩ አንድ ቁርጥ ያለ ድግግሞሽ ሲሆን የታንከሩ ግን ቀስ እያለ የሚሞት ጭራ አለው። ዝቅ ያለ ወፍራም ድምፅ በዚያ ጭራ ውስጥ ሲገባ በጣም ግዙፍ ይሆናል። በላዩ ላይ ኤዲ በግሬች 6120 ጊታሩ ላይ ያለውን የቢግዝቢ ማርገብገቢያ ክንድ በዝግታ ተጭኖ ሲለቀው ድምፁ ጎንበስ ብሎ ይነሣል።

ከዚህ ጋር ሰርፍ ሮክን ያነጻጽሩ። የስልቱ መነሻ ተብሎ የሚታወቀው ዲክ ዴል በ1961 በካሊፎርኒያ፣ ባልቦዋ በሚገኘው ሬንዴዝቩ የዳንስ አዳራሽ ለሞገድ ተንሸራታች ወጣቶች ይጫወት ነበር፤ «ሌትስ ጎ ትሪፒን» የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። ፌንደር ኩባንያ ራሱን የቻለ የስፕሪንግ ሪቨርብ፣ ማለትም ድምፅን በስፕሪንግ የሚያስተጋባ ሣጥን ያወጣው በ1961 ሲሆን፣ ሣጥኑ በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል ይገባል፤ በመዳፍ የታፈነ ክር ሲመታ ውስጡ ያሉት የብረት ስፕሪንጎች ጠብታ የሚመስል ድምፅ ያወጣሉ። ዴል የ1962ቱን «ሚዚርሉ» የተጫወተው በአንድ ወፍራም ክር ላይ ፒኩን (የክር መምቻውን) ያለ ዕረፍት ወደ ላይና ወደ ታች እያፈጠነ ነው፤ ዜማውም ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን የመጣ ነው። ቻንቴይስ የተባለው ባንድ የተጫወተው «ፓይፕላይን» የተባለው የታወቀ ሙዚቃ ደግሞ የሚጀምረው በታፈነው ወፍራም ክር ላይ ከላይ እስከ ታች በሚንሸራተት ፈጣን ምት ነው።

እንግዲህ ልዩነቱን በጆሮ ለመያዝ ሦስት ነገሮችን ይከታተሉ። የመጀመሪያው የቀኝ እጅ ፍጥነት ነው፤ ኤዲ አንድን ድምፅ መትቶ እንዲኖር ይተወዋል፣ የሰርፍ ተጫዋች ግን ያንኑ ድምፅ ደጋግሞ በመምታት ያቆየዋል። ሁለተኛው የኢኮው ዓይነት ነው፤ የኤዲ ድምፅ ከጊታሩ ኋላ ያለ ባዶ ቦታን ያሰማል፣ የስፕሪንጉ ሪቨርብ ግን ከጊታሩ ጋር የተጣበቀ እርጥበት ነው። ሦስተኛው የኮርዱ ጠባይ ነው፤ ኤዲ በአብዛኛው በሜጀርና በብሉዝ መንገድ ይሄዳል፣ ሰርፍ ግን ማይነርን ይወዳል። የሁለቱ የጋራ ንብረት ደግሞ ዜማን በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ማኖር፣ ዘፋኝን ማስቀረት፣ የሚጮኸው ሳክስፎንና ኢኮን እንደ ቅመም ሳይሆን እንደ ሙዚቃው አካል መያዝ ነው። ቀደምት የሰርፍ ባንዶች፣ የዴልን ዴልቶንስ ጨምሮ፣ ሳክስፎን እንደነበራቸው ብዙ ሰው ይዘነጋል።

ዝምድናው በግምት ብቻ የሚነገር እንዳይመስልዎ በእጅ የሚያዝ ማስረጃ ልጥቀስ። በአልበሙ ውስጥ ያለውን «ሙቪን ኤንድ ግሩቪን» ይክፈቱና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ያዳምጡ። ያ የጊታር መግቢያ መነሻው ቸክ ቤሪ በ1956 ያወጣው «ብራውን አይድ ሃንድሰም ማን» ነው፤ ኤዲ ወደ ራሱ ድምፅ አምጥቶታል። ቀጥለው የቢች ቦይስን የ1963 «ሰርፊን ዩኤስኤ» ይክፈቱ፤ መግቢያው ያው የኤዲ መግቢያ ነው። በዚያ ላይ የዘፈኑ ዜማ ራሱ የቸክ ቤሪ «ስዊት ሊትል ሲክስቲን» ነው። ስለዚህ አንድ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሐረግ ከቸክ ቤሪ ተነሥቶ፣ በፊኒክስ የሮካቢሊ ጊታሪስት እጅ አልፎ፣ የሰርፍ ዘመን መለያ ከሆኑት ዘፈኖች አንዱን ሲከፍት በሦስት ሸክላዎች ላይ መከተል ይቻላል። ሦስቱን ስልቶች አንድ ላይ የሚያያይዘው ክር ይህ ነው፤ አልበሙን ሲያወድሱ «ሰርፍ» የሚሉ ሰዎችም፣ ቅደም ተከተሉን ቢያዛቡም፣ የሰሙት ነገር እውነት ነው። ኤዲ ራሱ ወደ ሰርፍ የመጣው ዘግይቶ፣ ስልቱ ገበያውን ከያዘ በኋላ በ1963 «ዩር ቤቢስ ጎን ሰርፊን» በተባለው ነጠላ ሥራው ነው፤ ለእኔ ግን ከዚያ ይልቅ የ1958ቱ ሥራው ለሰርፍ ሮክ የበለጠ ይቀርባል።

አልበሙ ሁሉ እኩል ነው ማለቴ አይደለም። «ኤኒ ታይም»ና «ላቪንግ ዩ» የታወቁ የዘፈን ዜማዎችን በጊታር ከመድገም ብዙም አይርቁም፤ ያለ ቃላቱ ዜማው የሚጎድለው ነገር አለ፣ ባንዱም ያንን ጉድለት አልሞላውም። «ካነንቦል»፣ «ራምሮድ» እና «ስቶኪን» ግን ለጊታር የተወለዱ ስለሆኑ ማንንም ዘፋኝ አያስናፍቁም። ጊዜዎ አጭር ከሆነ እነዚህን ከ«ሬብል ራውዘር»፣ ከ«ሙቪን ኤንድ ግሩቪን» እና ከ«ስሪ ተርቲ ብሉዝ» ጋር ደጋግመው ያዳምጡ።

ድምፁን በራስዎ ጊታር ስለማምጣት ላነሡት ጥያቄ፣ ከመሣሪያው በፊት እጁ ይቀድማል። የጊታርዎን ሦስት ወፍራም ክሮች ብቻ ተጠቅመው አንድ የሚያውቁትን አጭር ዜማ ይጫወቱ። ፒኩን ወደ ክሮቹ ማሰሪያ፣ ማለትም ወደ ብሪጁ አስጠግተው ጠንከር አድርገው ይምቱ፤ ያ የብረት ጠባይ ያለው ጥርት ያለ ጅማሬ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቀጭን የክር ስብስብ ካሰሩ ድምፁ ስለሚላላ ወፈር ያለውን ይምረጡ። ድምፁ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው አይቸኩሉ። ቢግዝቢ ወይም ሌላ ማርገብገቢያ ክንድ ካለዎት ድምፁን ከመቱ በኋላ፣ በሐረጉ መጨረሻ ላይ ብቻ፣ በትንሹና በዝግታ ይጫኑት፤ በየድምፁ ካደረጉት ዜማው ይሰክራል።

አምፕሊፋየሩን ያለ ዲስቶርሽን፣ ንጹሕ አድርገው ያስተካክሉት። ኤዲ ይጠቀምበት የነበረው ማግናቶን አምፕሊፋየር ጉልበቱ እንዲጨምር ተሻሽሎ 15 ኢንች ስፒከር የተገጠመለት ነበር፤ ያ ሁሉ ጉልበት ያስፈለገው ለመጮኽ ብቻ ሳይሆን ወፍራሙ ክር ሳይበጣጠስ እንዲወጣ ነው። ለኢኮው፣ በስልክዎም ሆነ በኮምፒውተርዎ ላይ ባለ ፕሮግራም «ቻምበር» የሚባለውን የሪቨርብ ዓይነት ይምረጡ፤ «ስፕሪንግ» የሚለውን ከመረጡ በቀጥታ ወደ ሰርፍ ይሻገራሉ። ሪቨርቡ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ጥቂት የሰከንድ ክፍልፋይ መዘግየት ከፍ ካደረጓት የመጀመሪያው ምት ጥርት ብሎ ይወጣና ጭራው ከኋላው ይከተላል። ሮካቢሊውን ማጉላት ሲፈልጉ ደግሞ ከ100 እስከ 140 ሚሊሰከንድ የሚዘገይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመለስ ዲሌይ ይጨምሩ። ትሬሞሎ የሚያስገቡ ከሆነ ከሪቨርቡ በፊት ያድርጉት፤ ከኋላ ከሆነ ጭራውም አብሮ እየተቆራረጠ ቦታው ይጠፋል፣ ከፊት ከሆነ ግን ክሩ ይንቀጠቀጣል፣ ክፍሉ ረግቶ ይቆማል። ፍጥነቱንም ከሙዚቃው ምት ጋር ካላገጣጠሙት ዜማው የሚደናቀፍ ስለሚመስል፣ ከባንድ ጋር ከመጫወትዎ በፊት ከድራም ምት ጋር ብቻዎን ይለማመዱት።